አሸዋውን ማን ይንፋ

ልጆቹ ስለ በሩ ንገሪን አሉኝ። የዶሮ ቤታችን በር የመኪና በር ነው፤ እጀታው እስከ ዛሬ ይሠራል። ብረቱ ግን መሃሉ ላይ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣ ዶሮዎቹ ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ትበትናለች። ትልቋ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ይሄን በር ጥይት ነው የመታው?» አለችኝ። «ቅናት ነው የመታው» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተያይዘው «ንገሪን» አሉ። ልነግራቸው ስሞክር ስለ ጉደር ገበያ ጀምሬ ስለ ጥርሴ ሕመም እየጨረስኩ አስቸገርኳቸው፤ ሰለቻቸውና ደብተር ገዝተው «እንግዲያው ጻፊው» አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልጅ አዝዬ ነው። ጽሑፌም እንደ እግሬ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዳገት ላይ በየአጥሩ እየቆምኩ ሰላም ስለምል ልጆቹ «አያታችን ወሬ ትወዳለች» ይሉኛል። ይበሉ። ወሬ እወዳለሁ።

ባሌ ባትላሜራ ነበር፤ የተጨማደደ የመኪና አካል ያቃናል። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ነው፤ እንደ አባቱ ያያቸው ነበር። ወደ አምቦ ተመልሶ ከአንድ ቀቢ ጓደኛው ጋር በመንገዱ ዳር ጋራዥ ከፈተ። በደርግ ጊዜ አዲስ መኪና የሚያገኝ ማን ነበር? አሮጌው ነው እየታደሰ የሚሄደው። የጊንጪውም፣ የአዲስ ዓለሙም፣ የጌዶውም መኪና ዝገት ሲበላው ወደ እኛ ይመጣል። ሌላው ጋራዥ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ቀን ይፍቃል። የእኔ ባል ግን አሸዋ ያስተፋ ነበር።

እንዲህ ነው። ከአሮጌ ሲሊንደር የሠራው፣ ጠላ ጋን የሚያክል በርሜል ነበረው። አሸዋው በላይ ይገባል፤ ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ይገፋዋል፤ በጎማው ጫፍ እያፏጨ ይወጣል። ብረቱ ላይ ሲያርፍ የላይኛው ቀለም ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው የድሮ ቀለም ይሄዳል፣ ከዚያ ሥር የተደበቀው ዝገት ይሄዳል። የሚቀረው ባዶ ብረት ነው፤ ግራጫ፣ አዲስ እንደ ተላጨ የሕፃን ራስ። አንዳንድ ቀን መኪናው አረንጓዴ ሆኖ መጥቶ ከሥሩ ቀይ ይወጣል፤ ከቀዩ ሥር ደግሞ ሰማያዊ። ቀቢው «ይሄ መኪና ሦስቴ አግብቶ ሦስቴ ፈቷል» ይል ነበር።

አሸዋ መንፋት የእኔ ሥራ ነበር። ከሁሉቃ ወንዝ የመጣውን አሸዋ ሸራ ላይ አስጥቼ አደርቃለሁ፣ ሁለቴ እነፋዋለሁ። እርጥብ ከሆነ በርሜሉ ውስጥ ይጋገራል፤ ጠጠር ካለበት የጎማውን አፍ ይደፍናል። ብረት ላይ ተተፍቶ የወደቀውንም ሰብስቤ እንደገና እነፋዋለሁ። ያ ሁለተኛው ነው አቧራው። እንደ ወፍጮ ቤት ዱቄት ተነሥቶ ቅንድቤ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ልጆቼ «እማዬ አረጀች» እያሉ ይስቁብኛል።

ሥራውን እወደው ነበር። ሥራውን አልኩ እንጂ የምወደውስ ቦታውን ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ መነጋገር ስለማይቻል እኔና ባሌ በጣት ነበር የምንግባባው። አንድ ጣት ካነሣ ጨምሪ ነው። ጡጫ ከሆነ አቁሚ። መዳፉን ደረቱ ላይ ካሳረፈ ደግሞ ደክሞኛል፣ ውሃ ስጪኝ ነው። ቤት ውስጥ ባሌ ዝም ያለ ሰው ነው፤ አንድ ቀን «ተባረኪ» ብሎኝ አያውቅም። እዚያ አሸዋው መሃል ግን ቀኑን ሙሉ ሲያናግረኝ ይውል ነበር።

አንድ ሰሞን ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ታመዋል የሚል መልእክት መጣለትና አዲስ አበባ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ተመለሰ።

«እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ደክመዋል» አለ። ከዚያ በላይ አልወጣውም። እንጀራውን ጠቅልሎ ይዞ ሳይጎርሰው መልሶ አስቀመጠው። ሰውዬውን ስለሚወዳቸው ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ልብሱን እየለበሰ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፦

«ከዛሬ ጀምሮ አሸዋውን ሌላ ሰው ነው የሚነፋው» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ቤት ልጆቹ አሉ አይደል?»

«ልጆቹማ ትናንትም ነበሩ።»

«አንቺ ሴት፣ በቃ አልኩ!»

ሌላ ሰው ያለው ወንድ መስሎኝ ነበር። ምሳ ይዤ ስሄድ እኔ ስነፋ የምቀመጥበት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት አየሁ። ከጊንጪ የመጣች ናት። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ወሬው ጠፍቷል፤ አምቦ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ሥራ ትፈልግ ነበር። ይሄን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ቀን ያየሁት ስትስቅ ድዷ ላይ ብቅ የሚለውን ንቅሳት ነው። እጇን ነው። ወንፊቱን እንደ እኔ አትነቀንቀውም፤ በአንድ መዳፍ ጠርዙን ቸብ ቸብ ታደርገዋለች፣ አሸዋውም እንደ ካፊያ ይወርዳል። ደግሞ ወንፊቱ የእኔ ነው!

ምሳውን ሳላስቀምጥ ቆሜ ሳይ፣ ባሌ ነጠላዋን ከትከሻዋ ወስዶ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ጨመቀው። መልሶ ሰጣት።

«አፍንጫሽን ሸፍኚ። ሲደርቅ መልሰሽ አርጥቢው» አላት።

አራት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ስነፋ የእኔን አፍንጫ አንድ ቀን አስታውሶት አያውቅም። ቀቢው አይቶኝ ኖሮ በቀለም እጁ ሰሃኑን ተቀበለኝና፦

«እቴ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ስታመጪ ዓይንሽን ቤት ትተሽው ነይ» አለኝ።

«ምን ያያል ብለህ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ ብትመጪ ወተቱንም ታዪው ነበር።»

«የምን ወተት?»

«ከሻይ ቤት የሚመጣ ወተት። በብርጭቆ። ለእኔ እንዳይመስልሽ፤ እኔን ማን ያየኛል! ወተት የሚታዘዝለት ጥጃ ብቻ ይመስለኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ በአራት ሰዓት ሄድኩ። እውነት ነው። የሻይ ቤቷ ሴት ብርጭቆውን በሳህን ይዛ መጣች፣ ባሌ ተቀብሎ በራሱ እጅ ሰጣት፣ ጨርሳ እስክትጠጣ ቆሞ ጠበቃት። እናት ልጇን ኮሶ ስታጠጣ እንደምትጠብቀው። ያን ቀን ቤት ሲገባ አላስቀመጥኩትም።

«ሦስት ልጅ ስወልድልህ ስንት ብርጭቆ ወተት ገዛህልኝ?»

«የሥራው ነው።»

«ወተት መጠጣት ሥራ ከሆነ እኔም አያቅተኝም።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖበት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ደግሞ ሳሉን ከጥያቄዬ ማምለጫ አደረግሁት።

ከዚህ ሁሉ የገደለኝ ግን ጣቱ ነው። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆሜ ሳይ፣ ባሌ አንድ ጣት አነሣ፤ ጨመረች። ጡጫ አደረገ፤ አቆመች። ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ተነሥታ ውሃ ሰጠችው። ያን ምልክት እኮ ማንም አላስተማረኝም፤ እኔው ራሴ ዓይቼ ዓይቼ የደረስኩበት ነው። ለእሷ እንዴት በአንድ ሳምንት ገባት? ቤት ገብቼ ተቃጥሎብኝ የማያውቀውን ወጥ አቃጠልኩ።

ሴቲቱ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ባገኘችኝ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «እትዬ፣ አካም ጅርታ?» ትለኛለች። የጊንጪ ኦሮምኛዋ እንኳ ከእኔ ይጣፍጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የጌዶ ሰው መጡ፤ ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሁሉም ኦቦ ብሎ የሚያከብራቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ፒክአፓቸው ሙሽራዋን የሚጭን ነውና ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ፈለጉ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ባሌ በሮቹንና ኮፈኑን ፈታትቶ ደረደረ። እኔም በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ለዚህ መኪና አሸዋውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከእሷ የበለጠ አሸዋ። ብረቱ እንደ መስታወት ሲወጣ፣ ባሌ «የዛሬው አሸዋ ምንድነው?» ሲል፣ ያኔ «የእኔ ነው» እላለሁ።

የሁሉቃ ውሃ ድፍርስ ነው አልኩ። ታዲያ ሰዉ ቁስሉን የሚያጥብበት፣ ከየአገሩ ተጉዞ የሚነከርበት ፍልውሃ በደጃችን እያለ! እሁድ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ሁለት ማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ በአህያ ጭኜ ወደ ፍልውሃው መውረጃ ሄድኩ። ጥሩ አድርጌ አጠብኩት። ሞቅ ያለው ውሃ በጣቶቼ መሃል ሲሄድ ደስ ይል ነበር። አንዲት እግሯን የምትነክር አሮጊት «ልጄ፣ አሸዋውን ምን አሞት ነው?» አለችኝ። «ቅናት» ማለት ሲገባኝ «አቧራ» አልኳት።

አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁ ሴት ነኝ። ያ ውሃ ጀሪካን ውስጥ ሲቀመጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው፣ ያፈሉበት ብረት ድስት ታችው እንደሚዝግ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አላወቅሁም። ሰው ሲቀና የገዛ አገሩን ውሃ እንኳ ይረሳል።

ፀሐዩ ጎበዝ ስለነበር እስከ ማክሰኞ ደረቀልኝ። ከአማቴ በተዋስኩት በደቃቁ የጤፍ ወንፊት ነፋሁት። ረቡዕ ማለዳ ማንም ሳይደርስ የእሷን አሸዋ ከጆንያው ገልብጬ የእኔን ሞላሁበት።

ያን ቀን የወጣውን ብረት ብታዩት! ከአሸዋው ጥራት ይሁን ከእኔ ምኞት አላውቅም፣ በሮቹ ብር መስለው ወጡ። ባሌ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በጣቱ ጀርባ ብረቱን ዳሰሰ። እኔ ምሳውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አፌን ከፍቼ ቃሉን እየጠበቅሁ ነው። ዞረና ለእሷ፦

«እጅሽ ይባረክ» አላት።

ለእሷ! እኔ አንድም ቀን ያልሰማሁትን። ሴቲቱ ግራ ገብቷት ጆንያውን አየችው፤ ከጆንያው እኔን አየችኝ። እኔም «የእኔ ነው» ሳልል ቀረሁ። እንዴት ብዬ ልናገር? የሰው አሸዋ ገልብጫለሁ ልበል?

በዚያ ምሽት ቀቢው ስላልደረሰለት፣ ብረቱ እንዳይዝግ መጀመሪያ የሚቀባው መከላከያ ቀለም ለጠዋት አደረ። ሌላ ጊዜም ያድር ነበር፤ በደረቅ ወቅት ባዶ ብረት አንድ ሌሊት ምንም አይሆንም። ጠዋት ግን ከጋራዡ ጩኸት ሰምቼ ከቤት ሮጥኩ። በሮቹና ኮፈኑ እርድ የተነሰነሰባቸው መስለው ቢጫ ሆነዋል። ዝገት። በአንድ ሌሊት! ባሌ አንዴ ብረቱን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል። ከዚያ ከጆንያው አሸዋ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። አሸዋ የሚገዛ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ጥሩ አሸዋ ጣዕም የለውም። አላመጠ፣ ተፋ።

«አምቦ ውሃ» አለ። «ይሄ አሸዋ ፍልውሃ ገብቷል።»

ቀቢው ወዲያው ወደ ሴቲቱ ዞረ። «ወይ የጊንጪ ሰው! ውሃ ሁሉ ውሃ መስሏት ነው። የአምቦ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም!»

«እኔ አላጠብኩም» አለች። «ጋሼ፣ በልጆቼ አባት እምላለሁ፣ ፍልውሃው የት እንደሆነ እንኳ አላውቀውም።»

ባሌ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ሴቲቱ ነፃ ነበረች። እኔ የነጠላዬን ጫፍ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ቆምኩ።

ብረቱን እንደገና አሸዋ አስተፋው። ኮፈኑ ቻለው። አንደኛው በር ግን ድሮም ሳስቶ ነበርና ሁለተኛውን ምት አልቻለም፤ እዩት፣ እንደምታዩት ወንፊት ሆነ። ኦቦም ከጌዶ መጥተው «ያ ረቢ! ልጄን በምን ልሸኛት ነው?» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ባሌ ከሌላ መኪና አረንጓዴ በር አግኝቶ ገጠመላቸው፤ ለመቀባት ጊዜ አልነበረም። ሙሽራዋ በነጭ መኪና፣ በአረንጓዴ በር ሄደች። ሚዜዎቹ «በሩ ከየት የተዳረ ነው?» እያሉ እስከ ጌዶ ቀለዱባት አሉ።

ሴቲቱን ማንም አላባረራትም። ራሷ ሄደች። ልትሄድ ስትል ቤቴ መጥታ ወንፊቴን አጥባና ጠርጋ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ እንኪ። ፈልገሽው ነበር አይደል?» አለች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ዞር ብላ፦ «አፍንጫሽን ግን ሸፍኚ። ጋሼ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።»

ባሌ «ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ቢል እኔ ወይ ወንፊቱ ወይ የአባቴ ቤት አልኩ። ሽማግሌ እሰበስባለሁ ብዬ ዛትኩ። ሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን ሄጄ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ነጠላዬን ወስዶ ነከረ፣ ጨመቀ፣ እንደ እሷ አልሰጠኝም፤ በራሱ እጅ ዞሮ ከኋላዬ አሰረልኝ። ድንጋዬንም አንሥቶ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን አራቀው። እኔ ሊያርቀኝ ነው ብዬ፣ ዞር ሲል መልሼ አስጠጋሁት። እሱ እያራቀው እኔ እያስጠጋሁት ስንት ጊዜ እንደተጣላን!

በአራት ሰዓት ወተቱ መጣ። ለእኔ። ቀቢው እያየ፣ የሻይ ቤቷ ሴት እያየች፣ ቀስ ብዬ፣ ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት። ከንፈሬን እንኳ አልጠረግሁም። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። መንግሥት ተለውጦ በግርግሩ ኮምፕሬሰሩ እስኪዘረፍ ድረስ ሰባት ዓመት ያን ወንፊት ለማንም አላስነካሁም።

ሴቲቱን ከብዙ ጊዜ በኋላ ጊንጪ ገበያ አገኘኋት። ስንዴ ትነግድ ነበር። ስታየኝ ድሮ እንደምታደርገው ብድግ አለች፣ ሳመችኝ፤ ስለ አሸዋው አንድ ቃል አላነሣችም። ልናገር ብዬ «ያን ጊዜ…» ስል «ተይው እትዬ» አለችኝ። የሞላ ጆንያ በጀርባዋ ተሸክማ መኪናው ላይ ጫነች፤ ወርዳ ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች። ትንፋሿ እንኳ አልተዛባም። አሁንም ቀናሁባት።

ባሌ በሳል ሞተ። እኔ ብርድ ነው ስል ነበር፣ ሐኪም ሌላ ሲል ነበር። ለቅሶው ላይ ቀቢው መጣ፤ አርጅቷል፣ ራሱ ነጭ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። አጠገቤ ተቀምጦ ብዙ ካለቀሰ በኋላ፦

«እቴ፣ አስምሎኝ ስለነበር ነው ያልነገርኩሽ» አለ። «እሱ ካረፈ መሐላው አብሮት ያርፋል።»

«ምኑ?»

«ያኔ አዲስ አበባ ሽማግሌው ዘንድ የሄደ ጊዜ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ደረታቸው ከአሸዋው አቧራ የተነሣ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮህ ነበር አለኝ። ለሰው ከተናገርን ማን አሸዋ ይነፋልናል ብሎ ነው ዝም ያስባለኝ። ወተቱንም የገዛላት ፈርቶ ነው፤ አቧራውን ያወርዳል ሲሉ ሰምቶ። ልጅቷም እኮ የሰው ልጅ ናት ይል ነበር።»

«ሽማግሌው ምን አሉት?»

ቀቢው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው።

«ሚስታቸውን ከዓመት በፊት ነበር የቀበሯት። አሸዋ የምትነፋላቸው እሷ ነበረች፤ ሳሉ ከእሳቸው በፊት የያዘው እሷን ነው። ‹እኔ ዘገየሁ፤ አንተ የአንተን ከወንፊቱ ላይ ዛሬውኑ አንሣት› አሉት።»